ቆርኪው የት ገባ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሰሞን በዚህ ዓምድ ልጅ ሆነን እያሽከረከርን ስለምንሮጥበት ቸርኬ ሁለት መስመር ብጽፍ የጥያቄ ዶፍ ወረደብኝ። ስለ ቤት ኪራይና ስለ ጎረቤት ጠብ ሲጠይቁኝ የከረሙ ሰዎች ሁሉ ድንገት ልጅ ሆኑ። ሁሉንም ማስተናገድ አልቻልኩም። የተመረጡትንም አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ቅር አይበላችሁ።

«ጋሼ፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ «ማሚ፣ ልጅ ሆነሽ በምን ነበር የምትጫወቺው?» አለችኝ። «በቆርኪ» አልኳት። ቆርኪ ምን እንደሆነ ማስረዳት ግን አቃተኝ። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ወስጃት የድሮ ሰፈራችንን ባስስ አንድም ቆርኪ የያዘ ልጅ አጣሁ። የት ገባ?» — እናት፣ ከሜሪላንድ

ቆርኪማ አልጠፋም እህቴ። ጠዋት ጠዋት ከየግሮሰሪው ደጃፍ የሚጠረገውን ብታዪ ዛሬም በኩንታል ነው። የጠፋው ለቃሚው ነው።

መጀመሪያ ለልጅሽ የምትነግሪያት አንድ ነገር ልስጥሽ። ይህ ጥርሳም ክዳን የተፈለሰፈው አንቺ ካለሽበት የአንድ ሰዓት መንገድ በማይርቀው ባልቲሞር ነው። ዊልያም ፔይንተር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው የባለቤትነት መብቱን ያስመዘገበው። ያኔ 24 ጥርስ ነበረው፤ አሁን 21 ነው። ቁጠሪና አሳያት። ውስጡ ደግሞ ስስ የቡሽ ሽፋን ነበረው፤ «ቆርኪ» ያልነውም ከዚያው ከቡሹ የፈረንጅ ስም ሳይመጣ አይቀርም። እኔ የደረስኩት ቡሹ በፕላስቲክ ከተተካ በኋላ ነው። ያንን ፕላስቲክ በጥፍር ፈልቅቀን ከሸሚዝ ስር፣ ቆርኪውን ከላይ አድርገን ስንጫነው ደረታችን ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የሜዳልያ ሰልፍ ነበር የምንወጣው። ቀጥቅጠን ጠፍጣፋ ካደረግነው ደግሞ መሃሉን በምስማር ሁለት ቦታ በስተን ክር እናሳልፍበታለን፤ ክሩን ስንስብና ስንለቅ እያፏጨ ይሽከረከራል። በቁማሩም የራሱ ምንዛሪ ነበረው። በእኛ ሰፈር አንድ የአምቦ ውኃ ቆርኪ ሁለት የቢራ ቆርኪ ያወጣ ነበር። ማን እንደወሰነው እንጃ።

እንግዲህ ልብ በዪ፤ መጫወቻችን በሙሉ የትልልቆች ጥራጊ ነበር። ወንጭፉ ከተቀደደ የጎማ ከመነዳሪ፣ ቸርኬው ከወላለቀ ብስክሌት፣ ኳሱ ከአባት ካልሲና ከቡትቶ፣ የሽቦ መኪናው ጎማ ካለቀ ሲሊፐር ነው። አዋቂ የሚጥለው ነገር ሲለወጥ የልጅ መጫወቻም አብሮ ተለወጠ። ለስላሳው ወደ ፕላስቲክ ጠርሙስ ገባ፤ ክዳኑ የሚጠመዘዝ ሆነ፣ ቢወረውሩት እንኳ አይከብድም። የመኪናው ጎማ ቲዩብለስ ሲሆን ከመነዳሪ የሚለው ቃል ከጎሚስታ ቤት ወጥቶ የማያውቅ ሆነ። እንዲህ ስል የዘንድሮ ልጅ ሰነፍ ነው የሚሉትን እየተቃወምኩ ነው። ዕቃውን ሳይሰጡት ምን ይሥራ?

የብይ ነገር ግን ሌላ ነው። ብይ ዛሬም ሱቅ ይሸጣል። የጎደለው አፈር ነው። ብይ ጉድጓድ ይፈልጋል፤ ጉድጓዱም በተረከዝ ተሽከርክሮ የሚቆፈር ነው። ሰፈሩ ኮብልስቶን ሲነጠፍ እናቶች ከጭቃ ተገላገሉ፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ብይ ግን እዚያው ድንጋዩ ስር ተቀበረ።

«ልጄ «ስሙኒ ስንት ነው?» ቢለኝ 25 ሳንቲም ነው አልኩት። ባለቤቴ የለም 50 ነው አለ። ዳኘን።» — ከአዳማ

ስሙኒ 25 ነው። ሃምሳው ሽልንግ ነው። የተሸነፈው ቡና ያፍላ።

ባይሆን ቤታችሁ ውስጥ ከተገኘ ሳንቲሙን ወረቀት ስር አድርጋችሁ ከላይ በእርሳስ እንዲፈትገው ስጡት። የ1969ኙ ዓ.ም. ሳንቲሞች የሥዕል ትምህርት ቤቴ ነበሩ፤ በአንድ ሳንቲሙ ላይ በበሬ የሚያርስ ገበሬ፣ በአምስቱ ላይ ጠመንጃ የያዘ ወታደር፣ በአሥሩ ላይ የደጋ አጋዘን፣ በስሙኒው ላይ እጃቸውን ያነሱ ወንድና ሴት። የደጋ አጋዘን በዓይኔ ያየሁት ጎልምሼ ባሌ በሄድኩ ጊዜ ነው። የመጀመሪያ ሐሳቤ «አሥር ሳንቲም!» የሚል ነበር።

«የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ አሁን ጂዳ ነው የምሠራው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። እናቴ ምሳ የምትጥደው በባቡሩ ፉጨት ነበር። ዕረፍት ስወጣ አዲሱን ባቡር ተሳፈርኩበት፤ ቀዝቃዛ፣ ንጹህ፣ ፈጣን። ምንም አልተሰማኝም። ችግሩ ከእኔ ነው ከባቡሩ?» — የከዚራ ልጅ

ወንድሜ፣ ከሁለታችሁም አይደለም፤ ከጣቢያው ነው።

ድሬዳዋ ከተማ ሆና ባቡር የገባላት አይደለችም። ባቡሩ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው፤ ተራራው አስቸገረና በግርጌው ሲያልፍ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ላይ ቆመ። ከተማዋ እዚያ ጣቢያ ዙሪያ በቀለች። አዲስ አበባ ለመድረስ ሌላ 15 ዓመት ፈጀበት፤ እ.ኤ.አ. በ1917 ለገሃር ገባ። የአባትህ ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል አንድ ሜትር ብቻ ስፋት ነበረው፤ ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር እየተንገጫገጨ ይሄዳል። አዋሽ ይቆማል፣ ሚኤሶ ይቆማል፣ አፍደም ይቆማል፣ ኤረር ይቆማል። በቆመ ቁጥር ሻጩ በመስኮት ይገባል። ያንተ ናፍቆት ባቡሩ ስለቆመ የተገኘ ነው፤ ቢፈጥን ኖሮ ምኑን ታስታውሰው ነበር?

በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ጣቢያዎቹም ከከተማ ወጣ ብለው ነው የተሠሩት። አዲስ አበባ ለገሃር ሳይሆን ፉሪ ለቡ ነው የምትወርደው፤ በድሬም እንደዚያው ከከተማ ውጭ። ስለዚህ የእናትህ ማድቤት ድረስ የሚሰማ ፉጨት የለም። ለጭነቱና ለመንገደኛው የአሁኑ ይሻላል፤ በዚህ አልከራከርህም። ደግሞ እውነቱን እንነጋገርና በአሮጌው ባቡር ሦስተኛ ማዕረግ ከበግ ጋር ተቃቅፎ ያደረ ሰው እንዳንተ አይናፍቀውም። አንተ የሠራተኛ ልጅ ነበርክ።

ሁለተኛው ጥያቄህ፣ «ለአባቴ ምን ልውሰድለት» ላልከው፣ ምንም አትውሰድላቸው። ይዘሃቸው አሮጌው ጣቢያ ሂድና እሳቸው ያውሩ፣ አንተ ዝም በል። ፈረንሳይኛ ከቀላቀሉ አታቋርጣቸው።

«በግንቦት 1983 በዘመቻ ሰለሞን እስራኤል የገባሁ የጎንደር ልጅ ነኝ። የልጄ ልጅ አምስት ትንንሽ የብረት ኪዩብ ይዛ መጣችና «ሴት አያቴ፣ ሐሜሽ አቫኒም ላስተምርሽ» አለችኝ። ብመለከት ቅልሞሽ! እነሱ ከእኛ ወሰዱት ወይስ እኛ ከእነሱ?» — አያት፣ ከነታንያ

እማማ፣ ማንም ከማንም አልወሰደም። ስሙ በዕብራይስጥ «አምስት ድንጋይ» ማለት ነው፤ ይኸው ጨዋታ በየአገሩ አለ። የጥንት ግሪኮች በበግ ቁርጭምጭሚት አጥንት ይጫወቱት ነበር። አንዱን ወደ ላይ ወርውሮ እሱ ሳይወርድ መሬት ያለውን ማፈስ ለማንኛውም አምስት ጣት ላለው ሕዝብ የሚመጣለት ሐሳብ ነው።

ደብዳቤዎን ሳነብ የገረመኝ ሌላው ነው። በዚያ አንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ሰው ሲጓጓዝ ሻንጣ አልተፈቀደም። እርስዎም «ከለበስኩት ነጠላ በቀር የያዝኩት የለም» ብለዋል። ታዲያ አሁን ለልጅቷ እንደማያውቁ ሆነው ይማሩላት? ብለው ጠይቀውኛል። በጭራሽ! መጀመሪያ ያሸንፏት። ከዚያ ወንዝ ዳር ወስደው ክብ ክቡን ጠጠር ያስመርጧት። ብረቱ በመዳፍ ጀርባ ላይ ሲያርፍ ያማል፤ ወንዝ ያለሰለሰው ጠጠር ግን ጉልበትዎ ዛሬም መሬት ለመቀመጥ ከፈቀደልዎ ከማንኛውም ኪዩብ ይበልጣል።

«ቡሄ ላይ ጅራፍ የሚያጮህ ልጅ ለምን ጠፋ?» — ከጉለሌ

የሚገምድለት አያት ስለሌለ። ባለፈው ነሐሴ 13 ደጄ የመጡት ልጆች ጅራፍም ዱላም አልያዙም፤ ሆያ ሆዬን በስልክ ከፍተው አብረው ያንጎራጉራሉ። ሙልሙል ባቀርብላቸው ተያዩ። ትንሹ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ቴሌብር የለዎትም?» አለኝ። ሰጠሁት፤ ምን አደርጋለሁ። ግጥሙን ግን ያለ ስልክ ካልዘፈናችሁ ብዬ በር ላይ አቆምኳቸው። «ክፈት በለው በሩን» ላይ ሲደርሱ ጠፋባቸው።

«እኔ አባባ ተስፋዬን የማስታውሳቸው በጥቁርና ነጭ ነው። ታናሽ እህቴ በቀለም ነው ያየኋቸው ትላለች። ማናችን ነን የተሳሳትነው?» — ከባሕር ዳር

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ነው፤ ተስፋዬ ሳህሉም ከጣቢያው የልጅነት ዘመን ጀምረው ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት አወሩ። የቀለም ሥርጭት የመጣው በ1977 ነው። የቀለም ሥርጭት መጣ ማለት ግን የቀለም ቴሌቪዥን ቤታችሁ ገባ ማለት አይደለም። እኛ ጋ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው የገባው፤ እስከዚያ ካባቸው ግራጫ ነበር።

ለነገሩ «ቤታችን» አልኩ እንጂ የጎረቤት ቤት ነው። ሰፈሩ ውስጥ ቴሌቪዥን የነበራቸው አንዲት እትዬ ብቻ ነበሩ። እግሩን ያልታጠበ አይገባም። ጫማችንን ደጅ ደርድረን፣ ምንጣፉ ላይ ተጨናንቀን «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉ በአንድ ድምፅ እንመልስላቸዋለን፤ እንደሚሰሙን እርግጠኛ ነበርን። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዐረፉ ሲባል የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነው። ከሾፌሩ ጋር እኩያ ነበርን፣ ሬዲዮኑን ዝቅ አደረገው። ወጣቱ ረዳት «ማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። ሾፌሩ ሊያስረዳው ሞከረና ተወው። በማግስቱ አንድ ተረት እንኳ ከነመጨረሻው ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። የቀረኝ ድምፃቸውና የእትዬ ምንጣፍ ሽታ ነው።

«ይህ ሁሉ «ድሮ ቀረ» ያበግነኛል። የእኛ ልጅነት ስኳር በኩፖን፣ ሳሙና በሰልፍ፣ ትምህርት በዱላ ነበር። ልጆቼ ያንን ባለማየታቸው ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ምኑ ነው የሚናፈቀው?» — የ56 ዓመት ጎልማሳ፣ ከደሴ

እውነትዎን ነው፤ ባይጽፉልኝ ኖሮ ይህን ዓምድ አላወጣውም ነበር። እኔም ጎህ ሳይቀድ የቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ተልኬ ተራ ይዣለሁ። ሰው ሲደክመው በራሱ ፋንታ ድንጋይ ያስቀምጥ ነበር፤ የእኛ ድንጋይ በከሰል ምልክት ተደርጎበት ነበር። አንድ ቀን ቁርስ ልበላ ሄጄ ስመለስ ድንጋዬ ቦይ ውስጥ ተወርውሮ አገኘሁት። በዚያ ወር ሻይ በከረሜላ ጠጣን። ያንን «ደጉ ዘመን» ብዬ ብጽፍ እናቴ ከመቃብር ትነሳብኛለች።

ስለ መምህሮቻችንም ያሉትን እቀበላለሁ። እርሳስ በጣት መሃል አስገብቶ የሚጨምቅ አስተማሪ ነበረኝ። የማባዛት ሠንጠረዥ እስከ 12 በቃሌ ስለምወጣ ሰዎች «ያ ትምህርት ነበር ትምህርት» ይሉኛል። ሰባት ጊዜ ስምንት ሲባል ዛሬም ጣቴን ይጠዘጥዘኛል።

ስለ ቸርኬ ስጽፍ ያልጻፍኩትም አለ፤ የነበረኝ ጫማ አንድ በረባሶ ነበር፣ እሱም ለትምህርት ቤት ብቻ። ቸርኬውን የነዳሁት በባዶ እግር ነው። የተረከዜ ጠባሳ አለ።

ሆኖም አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በደብዳቤዎ መጨረሻ «ያም ሆኖ የካልሲ ኳስ ስንመታ…» ብለው ጀምረው ሦስት ነጥብ አድርገው ትተውታል። ይጨርሱትና ይላኩልኝ፤ በሚቀጥለው አወጣዋለሁ።

«ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ሰፈራችን በ2016 ሲፈርስ ውጭ አገር ነበርኩ። ልጆቼን ይዤ ስመለስ የማሳያቸው በር እንኳ አልነበረም። የመንደራችንን ፎቶግራፍ ከየት ላገኝ እችላለሁ?» — ከስቶክሆልም

እህቴ፣ እኔም የለኝም። ፈልጌልሽ ነበር። ፎቶግራፍ ያኔ ለሰው እንጂ ለመንደር አይነሳም። ለልደትና ለምርቃት ስቱዲዮ ይኬዳል፤ ከኋላችን በቀለም የተቀባ ሐይቅና ደረጃ አለ። የየቤታችን አልበም በዚያ ሐይቅ ተሞልቷል። ቦኖው ጋ ተሰልፎ የተነሳ፣ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ የቆመ ሰው አላገኘሁም።

የድሮ ጎረቤቶችሽ ዛሬ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል፤ ሦስት አራቱን በስልክ ሰብስቢና በአንድ ወረቀት ላይ መንደሩን አስነድፊያቸው። ቦኖው የት ነበር፣ ጠጅ ቤቱ የት፣ የማን በር ከማን በር ትይዩ ነው። ይጣላሉ፤ ተያቸው ይጣሉ፤ ካርታው የሚወጣው ከጠቡ ነው።

እስከዚያው አንባቢዎቼን ልለምንልሽ። በዶሮ ማነቂያ መንደር ውስጥ፣ ከ1970ዎቹ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ከቤት ውጭ የተነሳ ፎቶግራፍ ያለው ሰው ይላክልኝ። ሰው ባይኖርበትም ግድ የለም። ከጀርባ በኩል ሁለት ደረጃ ያለው፣ ግራ መዝጊያው ያዘመመ ሰማያዊ በር ከታየ የእሷ ቤት ነው።