ስለ ወንድ የሽንት መውጫ ቧንቧ ካንሰር የተጠየቁና የተመለሱ

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ዶክተር፣ ሽንቴን ባልሸናሁበት ሰዓት የውስጥ ሱሪዬ ላይ የደም ጠብታ አገኛለሁ። የጨብጥ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ወስጄ አልተሻለኝም። ካንሰር ይሆን?

መልስ፦ ዕድሉ ጠባብ ነው። ከዚህ ቧንቧ የሚነሣ ካንሰር ከሽንትና ከወንድ የመራቢያ አካላት ካንሰሮች መካከል ከመቶ አንዱን እንኳ አይሞላም። ሆኖም መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ወስደው ደሙ ካልቆመ፣ ሦስተኛ ከመጀመር ይልቅ ቧንቧው በካሜራ እንዲታይልዎት ይጠይቁ። የሽንት መቅጠን፣ ደምና ከቆለጥ ሥር የሚዳሰስ እብጠት ከኢንፌክሽን ወይም ከፕሮስቴት ማበጥ ጋር ስለሚመሳሰሉ ብዙ ወራት በከንቱ ያልፋሉ፤ እፍረት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። እባክዎ አይፈሩ፤ ሐኪም ፊት የሚያሳፍር አካል የለም።

ጥያቄ (ከደምቢያ)፦ ደም መሽናት ቢልሃርዚያ ነው ይሉናል።

መልስ፦ በጣና ዙሪያ የሚታወቀው ቢልሃርዚያ አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው ነው። ፊኛን የሚያደማው ዓይነት የሚገኘው እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ቆላዎች ስለሆነ፣ ከደምቢያ ያልወጣ ሰው ደም ከሸና ሌላ ምክንያት ሊፈለግለት ይገባል።

ጥያቄ፦ የአባቴ ቧንቧ ጠቦ ለዓመታት ሲሰፋለት ኖሯል። ወደ ካንሰር ይለወጣል?

መልስ፦ አብዛኛው አይለወጥም። ግን ሥር የሰደደ ጠባሳና መቆጣት፣ ተደጋጋሚ ካቴተር (ሽንት ለማስወጣት በቧንቧው የሚገባ ቀጭን ቱቦ)፣ ቀድሞ የተሰጠ የጨረር ሕክምናና 16 ቁጥር የተሰጠው የሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ዓይነት አጋላጮች ናቸው። የሰፋው ቧንቧ ቶሎ ቶሎ መጥበብ ከጀመረ ወይም ከቆለጥና ፊንጢጣ መካከል መግል ከቋጠረ ባዮፕሲ (ለምርመራ የሚቆረጥ ትንሽ የሥጋ ናሙና) ይወሰድ።

ጥያቄ፦ ከተገኘብኝ ብልቴ ይቆረጣል?

መልስ፦ በየትኛው ክፍል እንደተነሣና ምን ያህል እንደጠለቀ ይወሰናል፤ ቧንቧው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ጫፉ አካባቢ ያለና ያልጠለቀ ዕጢ ብልቱ ሳይነካ የቧንቧውን ክፍል ብቻ በማውጣት ሊታከም ይችላል፤ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ጤናማ ሥጋ አብሮ ከወጣም ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ወደ ውስጥ ዘልቆ የጠለቀው ግን ከባድ ነው፤ ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ያለበት ኬሞቴራፒ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይሰጣል፤ ስኩዌመስ በተባለው፣ ከጠፍጣፋ የሽፋን ሕዋሳት በሚነሣው ዓይነት ደግሞ ኬሞቴራፒና ጨረር በአንድነት ተሰጥተው ብልቱን ማትረፍ የተቻለባቸው ሕመምተኞች አሉ። ስለዚህ ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት ኤምአርአይ የዕጢውን ጥልቀት፣ ሲቲ ስካን ደግሞ የደረትና የሆድን ሁኔታ ማሳየት አለባቸው።

ጥያቄ፦ ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት አለ።

መልስ፦ በዚህ ካንሰር የተያዘ ሰው ብሽሽት ላይ ያበጠ ንፍፊት ብዙ ጊዜ የበሽታው መሰራጨት ነው፤ ናሙናው ሳይወሰድ አይታለፍ።