የመዳቡን መስመር ትቼ ፋይበር ላስገባ? ጥያቄያችሁና የአንድ ገመድ ዘርጊ መልስ

ባለፈው ስለ ቤት ኢንተርኔት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደብኝ። እኔ ለዓመታት መሰላል ተሸክሜ መስመር ስዘረጋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መዳቡንም (የድሮውን የስልክ ሽቦ) ፋይበሩንም (ብርሃን የሚሄድበትን ቀጭን የመስታወት ገመድ) በእጄ አውቃቸዋለሁ። አሁን ሥራውን ትቻለሁ፣ ስለዚህ ማንም ሳይከፍለኝ ነው የምመልሰው። ዋጋ ብቻ አትጠይቁኝ። እሱ ስለሚቀያየር 994 ደውላችሁ ጠይቁ።

ገርጂ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። በመዳብ መስመር 4 ሜጋ አለኝ። መኝታ ቤት ስገባ ቪዲዮው ይሽከረከራል። ጎረቤቴ ፋይበር አስገብቶ «ሌላ ዓለም ነው» ይለኛል። ልቀይር?

ቆይ፣ አትቸኩል። «መኝታ ቤት ስገባ» ያልካት ነገር ናት ጆሮዬን ያቆመችው። ይሄ የመስመር ሳይሆን የዋይፋይ ችግር ይመስላል። ዛሬ ማታ እንዲህ አድርግ። የቤቱን ሰው ስልክ ሁሉ ከዋይፋዩ አስወጣ (ልጆቹ ይጮኹብሃል፣ ቻለው)፣ ላፕቶፕህን በኬብል ሞደሙ ላይ ሰካና ስፒዱን ለካ። በኬብል 3 ተኩል ገደማ አግኝተህ መኝታ ቤት 1 ከሆነ፣ ኢንተርኔትህን የበላው ግድግዳው ነው። ፋይበር ብታስገባም ግድግዳው እዚያው አለ። ሞደሙን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥተህ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጠው፣ ካልሆነ ለመኝታ ቤት ሁለተኛ ራውተር ግዛ። በኬብልም 1 ብቻ ካሳየህ ግን ጎረቤትህ እውነቱን ነው።

ይሄን ፈተና ሳትሠሩ ፋይበር አስገብታችሁ «ምንም አልተለወጠም» አትበሉኝ። ብዙ ሰው ቤት ሄጄ ያየሁት ነው።

ኮተቤ ነኝ። በኬብል ለካሁት። የተዋዋልኩት 10 ሜጋ ነው፣ 3 አይሞላም። ከታች መንገድ ዳር ያለችው ጓደኛዬ ግን ሙሉውን ታገኛለች። ምን አጥፍቼ ነው?

ምንም አላጠፋሽም እህቴ፣ ርቀት ነው። በመዳቡ ውስጥ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ምልክት በሄደ ቁጥር ይደክማል። ኤዲኤስኤል የሚባለው የመዳብ ኢንተርኔት በተሻለው ዓይነቱ፣ የስልክ ጣቢያው አጥር ሥር ከሆንሽ እስከ 24 ሜጋ ያወጣል። 3 ኪሎ ሜትር ስትርቂ ወደ 8 ይወርዳል። 5 ኪሎ ሜትር ካለፍሽ 1 ወይ 2 ሜጋ ካገኘሽ ተመስገን በዪ። ርቀቱ ደግሞ ካርታ ላይ የምታዪው አይደለም። ገመዱ እንደ ሚኒባስ ታክሲ ነው፣ እየዞረ እየጠመዘዘ ነው ቤትሽ የሚደርሰው። ጓደኛሽ ለጣቢያው ካንቺ 500 ሜትር ብቻ ትቀርባለች ብለሽ ታስቢያለሽ፤ በገመዱ መንገድ 2 ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል።

ማረጋገጥ ከፈለግሽ የሞደምሽን ማስተካከያ ገጽ በብራውዘር ክፈቺ። «አቴኑዌሽን» (የምልክቱ ድካም) የሚል ቁጥር አለ። እሱን ለ14 አካፍዪው፣ ርቀትሽን በኪሎ ሜትር በግምት ይነግርሻል። 55 ካለ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው። ከጎኑ የ«ኤስኤንአር» ቁጥር አለ፣ ምልክቱ ከጫጫታው ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚያሳይ። እሱ ከ6 በታች ከወረደ መስመሩ በየሰዓቱ ቢቆራረጥ አይግረምሽ።

ፋይበር ውስጥ የሚሄደው ብርሃን ነው። በከተማ ውስጥ ባለ ርቀት ይሄ ነው የሚባል ድካም የለውም። ቤት ለቤት የሚዘረጋው ጂፖን የተባለው ዓይነት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ እንዲሠራ የተነደፈ ነው። አንዱ ፋይበር 2 ተኩል ጊጋ ገደማ ይዞ ይመጣና ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፋፈላል። 64ቱም ቤት በአንዴ ቢከፍቱት እንኳ ለእያንዳንዱ ወደ 39 ሜጋ ይደርሰዋል። ስለዚህ የሰፈር ክፍፍሉ 10 ሜጋሽን አይነካብሽም። አንቺ ቀይሪ። አትጠራጠሪ።

ጀሞ። ክረምት በገባ ቁጥር ኢንተርኔቴ ይታመማል። በጋ ላይ ደህና ነው። ፋይበር ያድነኛል?

ያድንሃል። የቤት ስልኩን አንሳና አዳምጥ፣ እንደ ቆሎ ሲቆላ የሚመስል ድምፅ ካለ የሆነ መጋጠሚያ ላይ ውኃ ገብቷል። መዳብ ሲረጥብ ይዝጋል፣ የዛገ መጋጠሚያ ደግሞ ከኢንተርኔቱ ምልክት ጋር አይስማማም። ከመቀየርህ በፊት ግን ከግድግዳህ እስከ ሞደሙ ያለውን ሽቦ እይ። አንዳንዱ ቤት ውስጥ የስልኩን ሽቦ የቀጠለው የመብራት ሠራተኛ ነው፣ በፕላስተር ጠቅልሎ! እሱን በመቀየር ብቻ የዳነ ሰው አውቃለሁ።

መብረቅም ሌላው ነገር ነው። በመዳቡ በኩል መጥቶ ሞደም ያቃጥላል። መስታወት ግን ኤሌክትሪክ አይሸከምም። በሶኬት በኩል ከመጣ ግን የፋይበሩም ዕቃ አይተርፍም፣ ስለዚህ ነጎድጓድ ሲጀምር ንቀለው።

መብራት ሲጠፋስ? ሰፈራችን መብራቱ እንደ እንግዳ ነው፣ መጥቶ ይሄዳል።

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፣ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የድሮው የቤት ስልክ መብራት ሲጠፋ የሚሠራው በአስማት አይደለም። ከጣቢያው 48 ቮልት በራሱ በስልክ ሽቦ ይመጣለታል። በፋይበር መስታወት ውስጥ ግን ኤሌክትሪክ አይመጣም። ስለዚህ ቤት የሚተከለው ሳጥን፣ ቴክኒሻኖች ኦኤንቲ የሚሉት፣ የራሱን መብራት ይፈልጋል። መብራት ከጠፋ ኢንተርኔቱም፣ ስልኩን ከሳጥኑ ላይ ከሰካችሁት ስልኩም አብሮ ይሞታል። ይሄንን ሳታውቁ እንዳትገቡበት።

መዳብ ላይ ላለ ኢንተርኔትም ቢሆን ሞደሙ መብራት ይፈልጋል፣ ስለዚህ በኢንተርኔት በኩል ሁለቱም እኩል ናቸው። እንዲያውም ፋይበሩ ይበልጣል። ብዙ ቦታ የመዳቡ ኢንተርኔት የሚመጣው መንገድ ዳር ከቆመ ትልቅ ሣጥን ነው፤ እሱም በመብራትና በባትሪ ነው የሚሠራ፤ ሰፈሩ ለረጅም ሰዓት ጨልሞ ባትሪው ካለቀ እናንተ ቤት ጄኔሬተር ቢኖርም ኢንተርኔት የለም። የጂፖን ማከፋፈያ ግን መንገድ ላይ ምንም መብራት አይፈልግም። መስታወት ብቻ ነው። ጣቢያው እስከሠራና የእናንተ ሳጥን መብራት እስካገኘ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ሆኖ እናንተ ዜና ታያላችሁ።

መፍትሔው ትንሽዬ የራውተር ባትሪ ነው፣ ሚኒ ዩፒኤስ የሚሉት። አብዛኛው ኦኤንቲ በ12 ቮልት ነው የሚሠራው፣ ግን ከመግዛታችሁ በፊት አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ባትሪው ላይ 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት (mAh) የሚል ጽሑፍ አይታችሁ እንዳትሞኙ፣ ያ ቁጥር በ3.7 ቮልት የተለካ ነው። 37 ዋት ሰዓት ማለት ነው፣ ከብክነቱ በኋላ 31 ገደማ። ሳጥናችሁ 10 ዋት የሚበላ ከሆነ 3 ሰዓት ይቆያል። ለአንድ ማታ ይበቃል፣ ለሙሉ ቀን አይበቃም። ራውተሩ ለብቻው ከሆነ እሱም ሌላ መብራት ይፈልጋል፣ አትርሱት።

የ74 ዓመት ጡረተኛ ነኝ፣ ጉለሌ። ልጆቼ ፋይበር አስገባ እያሉ ይነዘንዙኛል። እኔ ቴሌግራም አያለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ አለቀ።

አባባ፣ ስልክዎ ጥርት ብሎ የሚሰማ ከሆነና ኢንተርኔቱ ለቴሌግራም ከበቃዎት ይቆዩ። በተለይ መብራት ሲጠፋ የሚደውሉበት ያ የመዳብ ስልክ ብቻ ከሆነ አይንኩት። ልጆችዎ ሲመጡ የሚጠቀሙበት ኢንተርኔት ከፈለጉ፣ እነሱ ይክፈሉ።

ለንደን ያለችው እህቴም የመዳብ ስልኳን ሊቀይሩባት እንደሆነ ነገረችኝ። እዚያም ችግር አለ እንዴ?

እዚያ ምርጫ አይደለም። እንግሊዝ የድሮውን የመዳብ ስልክ አገልግሎት በጥር 2027 እ.ኤ.አ. ለመዝጋት ቀን ቆርጣለች። መጀመሪያ የተባለው በ2025 መጨረሻ ነበር፣ ተራዘመ። አንዱ ምክንያት አሁን የነገርኳችሁ የመብራት ጉዳይ ነው። አንገታቸው ላይ የድንገተኛ ጥሪ ቁልፍ ያንጠለጠሉ አረጋውያን አሉ፣ ያ ቁልፍ የሚሠራው በስልክ መስመሩ ነው። እህትሽ ቤት እንደዚያ ዓይነት ነገር ወይም የሌባ ማንቂያ ካለ ከመቀየሩ በፊት ለድርጅቱ ትንገር።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለችው ልጄ ጋር በቪዲዮ ስናወራ እኔ እሷን አያታለሁ፣ እሷ ግን «እማዬ ፊትሽ ቆሟል» ትለኛለች። ለምንድን ነው?

እናቴ፣ የመዳብ ኢንተርኔት የሚያመጣው ብዙ፣ የሚወስደው ትንሽ ነው። ኤዲኤስኤል ወደ ላይ የሚልከው በደህና ቀን 1 ሜጋ አካባቢ ነው። የልጅዎ ምስል በሰፊው በር ይገባል፣ የእርስዎ ምስል በጠባቡ ይወጣል። በዚያ ላይ የአንዱ የልጅ ልጅዎ ስልክ ፎቶ ወደ ማከማቻ እየላከ ከሆነ ጠባቡ በር ጭራሽ ይዘጋል። ብዙ ሰው ስለ ፋይበር ሲያስብ የሚያወርደውን ነው የሚቆጥረው፤ እኔ ግን ትልቁ ለውጥ የሚልከው ላይ ነው እላለሁ። ከቤት ለውጭ ድርጅት የምትሠሩ፣ ቪዲዮ የምትጭኑ፣ በዙም የምታስተምሩ ሰዎች፣ ለእናንተ ይሄ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ስትዋዋሉ «የሚልከውስ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጌም ተጫዋች ነኝ። ፋይበር ካስገባሁ ፒንጌ 10 ይሆናል አይደል?

አይሆንም ወንድሜ። ፒንግ ማለት መልእክትህ ሰርቨሩ (የጌሙ ዋና ኮምፒውተር) ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፣ በሚሊሰከንድ። እስከ ጣቢያው ያለው መዘግየት ይቀንስልሃል፣ መወዛወዙም ይቀራል፣ እሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ከሆነ ግን ፊዚክስ አለ። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። አዲስ አበባና ፍራንክፈርት በቀጥታ 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ደርሶ መልሱ ብቻ 53 ሚሊሰከንድ ነው፣ ያውም ገመዱ እንደ አሞራ ቀጥ ብሎ ቢሄድ። እኛ ደግሞ ባሕር የለንም፣ መጀመሪያ በጎረቤት አገር በኩል ወጥተን ነው የባሕር ገመድ ላይ የምንሳፈረው።

ፋይበር አስገባሁ፣ ሁለት ወር ሠራ፣ አሁን ቀይ መብራት እያበራ ነው።

ቀዩ መብራት ሳጥኑ «ብርሃን አልደረሰኝም» ማለቱ ነው። ልሳቅብህ ነበር፣ ግን በራሴ ቤትም ደርሷል። ለስንት ሰው «ገመዱን አታጥፉ» ስል የኖርኩ ሰውዬ፣ አንድ ቅዳሜ ቡፌውን ወደ ግድግዳው ገፋሁትና ገመዱን አጠፍኩት። ግማሽ ቀን መስመሩ ነው ብዬ ስማረር ዋልኩ። ባለቤቴ ናት ቡፌውን ሳብ ያደረገችው። ብርሃን የሚሄድበት መሃሉ ውፍረቱ 9 ማይክሮሜትር ነው፣ ከፀጉር በጣም የቀጠነ። ገመዱን ከቡና ስኒ አፍ ጠበብ አድርጋችሁ አትጠቅልሉት። ጫፉን ነቅላችሁ በጣት አትንኩ፣ አትንፉበት፣ በዓይንም አትዩት፤ ብርሃኑ አይታይም ግን አለ። እጥፋት ካላገኘህ 994 ደውል።

ተከራይ ነኝ።

ግድግዳ ስለሚበሳ አከራይህን አስቀድመህ አስፈቅድ። ዓመት የማትቆይ ከሆነ ተወው፣ በሞባይል ዋይፋይ ኑር።

የመዳብ ሽቦ ይሰረቃል፣ ፋይበር አይሰረቅም ሲሉ ሰማሁ።

መስታወቱን ማን ይገዛል? ችግሩ ሌባው ጨለማ ውስጥ መዳብ መስሎት መቁረጡ ነው። መንገድ ሲቆፈርም ኤክስካቫተር አይለይም። መዳብ ሲቆረጥ አንድ ሰው በጉጠት ይቀጥለዋል፣ ፋይበር ግን በማሽን አቅልጦ ነው የሚገጣጠመው፣ ማሽኑና ባለሙያው እስኪመጡ ትጠብቃላችሁ። ግንባታ በበዛበት ሰፈር ያላችሁ ስልካችሁ ላይ ትንሽ የሞባይል ጥቅል ይኑራችሁ።

ወስኛለሁ፣ ነገ ሊያስገቡልኝ ይመጣሉ። ምን ልዘጋጅ?

ገመዱ የት እንደሚያርፍ ዛሬ ወስኚ። ቴክኒሻን የሚቸኩል ሰው ነው፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ ካልነገርሽው ለበሩ የቀረበው ግድግዳ ላይ ሰቅሎልሽ ይሄዳል፣ ዋይፋዩም ለዘበኛው ቤት ይሆናል። የቤቱ መሃል ላይ፣ ሶኬት አጠገብ፣ የሚገፋ ዕቃ የሌለበት ቦታ አሳዪው። ሳይሄድ በኬብል አስለኪው። የመዳቡን መስመር ደግሞ ገና አታዘጊው፣ አንድ ወር ያህል ይቆይ፣ በተለይ 011 ቁጥርሽን ዘመድ ሁሉ የሚያውቀው ከሆነ ወደ አዲሱ መስመር መዛወሩን ራስሽ ደውለሽ እስክታረጋግጪ ድረስ።