መልሱን ቢያውቁትም ይጠይቁ፦ ከአትሌትነት ወደ ዘጋቢ ፊልም ለሚሻገሩ

ለዓመታት በመካከለኛ ርቀት የተወዳደሩ አንባቢ፣ ዘጋቢ ፊልም ለመሥራት የግድ የፊልም ትምህርት ቤት መግባት አለብኝ ወይ ይላሉ።

የለብዎትም። የፊልም ቅንብር (ኤዲቲንግ) ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ግን ከመጀመሪያው ቀን አጠገብዎ ይኑር።

ሌላ የቀድሞ ሯጭ የቡድን ጓደኛቸውን ቃለ መጠይቅ አድርገዋል። ማታ ስለተሸነፉበት ውድድር ሲያወራ እንባው የመጣው ሰው፣ በማግስቱ ካሜራ ሲከፈት «ያው አንተም ነበርክ» እያለ ዘለለው። ጥፋቱ የማን ነው?

የጓደኛዎ አይደለም። ሰው ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው አይተርክም። የቀድሞ አትሌት ትልቁ ሀብት ሌላው የማይገባበት መልበሻ ክፍል መግባቱ ነው፤ እንቅፋቱም እዚያው ነው። ሁለታችሁም የምታውቁት ሳይነገር ይቀርና ተመልካቹ ባዶ እጁን ይወጣል።

ስለዚህ ከቀረጻ በፊት ስለ ጉዳዩ ትንፍሽ አይበሉ። ሲደውሉለት ቀንና ቦታ ብቻ ይነጋገሩ፤ ወሬውን ከጀመረ «ለቀረጻው አቆየው» ይበሉት። ሲቀመጡ «አንድም ቀን መም ረግጦ ለማያውቅ ሰው ንገርልኝ» ብለው ይጀምሩ። «ምን ተሰማህ?» ካሉት ለጋዜጠኛ ሲሰጥ የኖረውን መልስ ይሰጥዎታል። ትንንሹን ይጠይቁ፦ ጫማውን ያሰረው የት ተቀምጦ ነው? የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ከፊቱ ስንት ሰው ነበር? ትከሻውን የነካው ማን ነው? ቢያውቁትም ይጠይቁ። የእርስዎ ድምፅ በቅንብር ስለሚወጣ ጥያቄው በመልሱ ውስጥ ይግባ፤ «አራተኛ» ካለ አይጠቅምም፣ «ደወሉ ሲደወል አራተኛ ነበርኩ» ካለ ግን ብቻውን ይቆማል። ሲጨርስ ወደሚቀጥለው አይሩጡ፤ 5 ሰከንድ ዝም ይበሉ። ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ይህም ካልሠራ ከክፍሉ ይውጡና ስፖርቱን የማያውቅ የቀረጻ ባልደረባዎ ይጠይቀው። ይህ ክብርዎን አይነካም፤ ፊልሙን ያድነዋል።

ስቴሲ ፔራልታ እውቅ የስኬትቦርድ ተወዳዳሪ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ የራሱን ቡድን ታሪክ የሚያሳየውን ዘጋቢ ፊልም ሲሠራ ትረካውን ለተዋናዩ ሾን ፔን ሰጠ፤ ፔራልታ ራሱ ከጓደኞቹ እንደ አንዱ ሆኖ ካሜራ ፊት ተቀመጠ። በራስ ታሪክ ላይ ለሚሠራ ሰው ይህን ያህል ርቀት ያስፈልጋል።

በአዳራሽ ውስጥ በሰከንድ 200 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የቀረጽኩት ዝላይ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ካሜራዬ ተበላሽቶ ይሆን?

ካሜራው ደህና ነው፤ ችግሩ መብራቱ ነው። በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ የሚሠራ መብራት ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። በ200 ፍሬም ሲቀርጹ አንዱ ፍሬም ድምቀቱን፣ ቀጣዩ ድብዘዛውን ያገኛል። ወደ 100 ፍሬም ይውረዱ፣ ካሜራዎ ከፈቀደ ሻተሩን (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/100 ሰከንድ ያድርጉት፤ እያንዳንዱ ፍሬም አንድ ሙሉ ዑደት ይይዛል። በ25 ፍሬም ሲያሳዩት በ4 እጥፍ ይዘገያል፤ ለዝላይ ይበቃል። ኤሌክትሪኩ 60 ኸርዝ በሆነበት አገር 120 ፍሬምና 1/120 ይጠቀሙ። ውድድሩ ሳይጀመር 10 ሰከንድ ቀርጸው በትልቅ ስክሪን ይዩት፤ በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ ላይታይ ይችላል።

የአንድ ሰዓት ቀረጻ ስንት ጊጋባይት ይፈጃል?

ካሜራዎ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚመዘግብ ከሆነ 45 ጊጋባይት። ሁለት ቅጂ ስለሚይዙ 90 ብለው ያስሉ።

አንዲት የቀድሞ ሻምፒዮን ተቆጥተው ጽፈዋል፦ የሮጥኩት እኔ፣ ያሸነፍኩት እኔ፤ የራሴን ውድድር ምስል ለመጠቀም ለምን እከፍላለሁ?

ቁጣዎ ይገባኛል፤ ሆኖም ድሉ የእርስዎ ቢሆንም ቀረጻው የሌላ ነው። የኦሊምፒክ ምስል ለምሳሌ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ንብረት ነው። ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ወይም በደቂቃ ይተመንና በሚታይበት አገር፣ በፈቃዱ ዘመንና በመድረኩ ይባዛል። ብዙዎች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው፦ ለፌስቲቫል ብቻ በርካሽ ይዋዋላሉ፣ ፊልሙ ገዥ ሲያገኝ ባለመብቱ የፈለገውን ይጠራል። የቴሌቪዥንና የኢንተርኔት ዋጋው በዚያው የመጀመሪያ ውል ላይ ይቆረጥ። እስከዚያው የባለመብቱ ምልክት በታተመበት የመመልከቻ ቅጂ ያቀናብሩና በመጨረሻው ቅንብር ለቀሩት ሰከንዶች ብቻ ይክፈሉ። የኮሜንታተሩ ድምፅና ከስታዲየሙ የሚሰማው ሙዚቃ የተለየ ፈቃድ ሊጠይቁ ይችላሉ። ውሉን ጠበቃ ይየው።

ሁለት የቀድሞ ጓደኞቼ አሰልጣኛችን አበረታች ቅመም ይሰጠን እንደነበር በካሜራ ተናግረዋል። ልልቀቀው?

አይልቀቁት። እዚህ ላይ ጠበቃ ስል ለወጉ ያህል አይደለም፤ የሚዲያ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ጥሬ ቀረጻውን ሳይቆረጥ፣ ቅንብር ሳይጀመር ማየት አለበት። በስም ማጥፋት ሊከሰሱ መቻልዎ አንዱ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የተናገሩት ልጆች ናቸው። የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኮድ አንድን ጥሰት እስከ 10 ዓመት ድረስ መክሰስ ይፈቅዳል፤ ቅመሙን የሰጠው አሰልጣኙ መሆኑም የወሰደውን ከተጠያቂነት ነፃ አያወጣውም። ዛሬም የሚወዳደሩ ከሆነ ለእርስዎ ብለው የተናገሩት ዓረፍተ ነገር ሊያሳግዳቸው ይችላል። ይህን አውቀው ነው የተናገሩት? ካላወቁ ይንገሯቸው፤ የራሳቸውን አማካሪ ይያዙ፣ ሐሳባቸውን ከቀየሩም ያክብሩላቸው። ጥሬውን ቀረጻ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያስቀምጡ። በጠበቃው ምክር ለአሰልጣኙ የተባለበትን ዘርዝረው በጽሑፍ ይላኩ፣ መልስ የሚሰጥበትን በቂ ጊዜ ይቁረጡለት፣ መልሱንም በፊልሙ ውስጥ ያካትቱ። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ እንኳ እንዳይለቁ።