ቦሊውድን ፍለጋ ለምትወጡ ልጆቼ

በ1988 ዓ.ም ለአጭር የካሜራ ሥልጠና ሕንድ ሄጄ ሳለ ሦስት ቀን እረፍት አገኘሁና ቦምቤይ ገባሁ። ሙምባይ ከተባለች ብዙም አልቆየም፤ በሰው አፍ ግን ያው ቦምቤይ ነበረች። ለታክሲ ነጂው «ቦሊውድ ውሰደኝ» ብለው ሳቀብኝ።

ለካ ቦሊውድ የሚባል ሰፈር የለም! ቦምቤይና ሆሊውድ ተዳቅለው የወለዱት የፊልም ኢንዱስትሪው ስም ነው። ስቱዲዮዎቹ በየአቅጣጫው ተበትነዋል፤ ሜህቡብ ባንድራ ሰፈር ነው፣ አር ኬ ቼምቡር ሰፈር ነበር፣ ትልቁ ፊልም ሲቲ በስተሰሜን ጎሬጋኦን። እኔ ያረፍኩት ደግሞ ደቡብ ጫፍ፣ ኮላባ። ስንት ዓመት ካሜራ ተሸክሜ ይህን አለማወቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እናንተ ካርታው ኪሳችሁ ውስጥ ነው፤ ማመካኛ የላችሁም።

ከቸርችጌት ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ተጉዤ ጎሬጋኦን ወረድኩ፤ ከዚያ በኋላ አገራችን ገብታ «ባጃጅ» ባልናት ባለ ሦስት እግር ተሳፈርኩ። ፊልም ሲቲ በፈረንጆቹ 1977 በማሃራሽትራ መንግሥት የተቋቋመ ነው፤ ጎረቤቱ ነብር የሚያድርበት ብሔራዊ ፓርክ ነው። የበሩ ዘበኛ ግን ከነብሩ ይብሳል። «ማን ጋ ነው?» አለኝ። የምጠራው ስም አልነበረኝም። ተመለስኩ።

በማግስቱ ኮላባ መንገድ ላይ ላገኘሁት «አስጎብኚ» ብር ከፈልኩ። የዝነኞች ቤት አጥር ሲያሳየኝ ዋለ። እዚያው ኮላባ ቱሪስት ለቅመው ከዋናው ተዋናይ ጀርባ የሚያስቆሙ ደላሎችም ነበሩ፤ እኔን አየት አድርገው አለፉኝ። የሚፈልጉት ነጭ ነው።

በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ከበሩ ማዶ ሻይ የሚሸጥበት ቁጭ አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ መዳፉ ጠባሳ በጠባሳ ነው። የትኩስ መብራት ቃጠሎ መሆኑን ስለማውቅ የእኔን መዳፍ ዘርግቼ አሳየሁት። ሳቀ። የመብራት ሠራተኛ ነበር። ስለ ተዋናይ አንድም ቃል አላነሳሁም፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲከርር የፊት ጥላ እንዴት እንደሚያለሰልሱ ጠየቅኩት። ሻዩ ሳያልቅ «ና» አለኝ። ዘበኛው ያንኑ ጥያቄ ሲደግም የመለሰለት እሱ ነው።

ዛሬ ቲኬት ከፍሎ በአውቶቡስ መጎብኘት ይቻላል፤ ሂዱ፣ አልከለክልም። ከመስኮት የሚታየው ግን ግድግዳ ነው። የምትወዱትን ሥራ ስም ይዛችሁ ሂዱ፦ ድምፅ ከሆነ ድምፅ፣ ስፌት ከሆነ ስፌት። ልብስ ሰፊውን ስለ መርፌው ጠይቁት። ፎቶ ለመነሳት የምትለምኑት ዝነኛ በቀን ሺህ ሰው ይሸሻል፤ ልብስ ሰፊውን ግን ስለ መርፌው የሚጠይቀው የለም።

ያን ቀን ፊልም ሲቲ ውስጥ ለቀረጻ የቆመው መንደር ከፊት ድንጋይ፣ ከኋላ እንጨትና ጆንያ ነበር። ከድምፅ ማጉያ ቀድሞ የተቀዳው ዘፈን ይለቀቃል፣ ተዋናይቷ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ይቆማል፣ እንደገና። ያቺን አንዲት ስንኝ አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርኩ። ስትታክተኝ ወዳጄ ብርሃን የሚመልሰውን ብርማ ሰሌዳ፣ ሪፍሌክተሩን፣ እጄ ላይ አኖረው። ፀሐዩን ፊቷ ላይ ብልጭ አደረግኩባት፤ ዓይኗን ጨፈነች። ሰውዬው ምንም ሳይናገር ክርኔን ጣት በምታህል ዝቅ አደረገው።