አያት ከጨዋታው ለምን ተነሡ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው በእስራኤል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ፣ የ9 ዓመቱ ልጄና የ6 ዓመቷ እኅቱ «ረቪዒዮት» የሚባለውን፣ አራት አራት ተዛማጅ ካርታ የሚሰበሰብበትን ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት እናቴ ለትንሿ ሳትጠየቅ ካርታ ስታቀብል ልጄ አየና «ሳብታ (በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው) ታጭበረብራለች፤ ማንበብም አትችልም፤ ከእሷ ጋር አልጫወትም» አለ። እናቴ ምንም ሳትመልስ ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ወዲህ ስንጠራት «እናንተ ተጫወቱ» ትለናለች። ባለቤቴ «የልጅ ነገር ነው፣ ተዪው» ይላል። ልቅጣው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ከቅጣቱ በፊት ጨዋታው እናትዎን ምን እንደሚጠይቃቸው እንመልከት። በረቪዒዮት ተጫዋቹ የሚጠይቀው ቢያንስ አንድ ካርታ ከያዘበት ምድብ ሲሆን፣ የጎደለውን በስሙ ጠርቶ ካገኘ ይቀበላል፣ ካጣ ከክምሩ አንድ ስቦ ተራውን ይለቃል። የምድቡ ርእስና የአራቱ ካርታዎች ስም በየካርታው ላይ በዕብራይስጥ ታትሟል። ዕብራይስጥ የማያነቡ ሰው ምን እንደጎደላቸው ለማወቅ በእጃቸው ያለውን ለሌላ ማሳየት ይኖርባቸዋል፤ የሚያነብላቸው ደግሞ፣ ባይጽፉልኝም እንደምገምተው፣ ተጋጣሚያቸው የሆነው የልጅ ልጃቸው ነው። ካርታው የታየበት ሰው ገና ሳይጀምር ተሸንፏል። ለትንሿ ማቀበላቸውም በዚያ ጨዋታ ውስጥ የቀረላቸው የአያትነት ሥራ ሆኖ ይታየኛል።

ወደ አዲስ አገር በገባ ቤተሰብ ልጆች ቋንቋውን ቀድመው ስለሚይዙ የሐኪም ቤቱን ደብዳቤና የመድኃኒቱን ማሸጊያ ለአያት የሚያነቡት እነሱ ይሆናሉ። እርዳታው መልካም ነው፤ ነገር ግን ማን ማንን እንደሚጠይቅ ቀስ በቀስ ይገለብጠዋል። «ታጭበረብራለች» መባሉን እናትዎ ምናልባት ስቀው ያልፉት ነበር። «ማንበብም አትችልም» የሚለው፣ ያውም በትንሿ ፊት፣ ሌላ ነገር ነው፤ ባለቤትዎ ይህን ልዩነት ያስተዋሉት አልመሰለኝም።

ልጅዎን በተመለከተ፣ የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ብይ የሚጫወቱ ሕፃናትን ስለ ሕጋቸው እየጠየቀ ያጠናውን በ1932 እ.ኤ.አ. አሳትሞ ነበር። ትንንሾቹ ሕጉን ከታላላቆች የተሰጠ፣ የማይነካ አድርገው ሲያዩት፣ ወደ 10 ዓመት ግድም የደረሱት ግን በስምምነት ሊለወጥ እንደሚችል መረዳት ይጀምራሉ። የእርስዎ ልጅ በዚሁ መሻገሪያ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሕጉን መጠበቁን እንደ ጥፋት አይቁጠሩበት። ስድቡን ግን ለይተው ይንገሩት፤ ሰው ሳይሰበሰብ፣ ብቻውን ወደ አያቱ ገብቶ ጉልበታቸውን ስሞ ይቅርታ ይጠይቅ። «አሮጊት ናቸውና እንዲያሸንፉ ተውላቸው» የሚለውን ምክር አይስጡት፤ እናትዎ እንዲህ ያለውን ምሕረት በመጀመሪያው ዙር ያውቁታል።

ከዚያ በኋላ ካርታውን ይለውጡ። ከወፍራም ወረቀት 32 ካርታ ቆርጣችሁ፣ ፊደል ሳይገባበት በሥዕል ብቻ ስምንት ምድብ አዘጋጁ፤ ምን ከምን ጋር እንደሚሄድ የሚወስኑት ግን እናትዎ ይሁኑ። ጀበና፣ ስኒ፣ ረከቦትና ሙቀጫ አንድ ምድብ ነው፤ ሞፈር፣ ቀንበር፣ ማረሻና ድግር ሌላ፤ ጥጥ፣ እንዝርት፣ ድውርና መወርወሪያ ሦስተኛ። ልጅዎ ድግርን ሊስል ሲቀመጥ ከየት ይጀምረዋል? አያቱን መጠየቁ የግድ ነው፤ እሳቸውም የቀኝና የግራ መሆኑን፣ ማረሻውን እንዴት እንደሚያቅፍ በጣታቸው ያሳዩታል። ካርታ የሚጠየቀው በአማርኛ ስሙ ብቻ ይሁን። ሰንበትን የምታከብሩ ከሆነ ሥዕሉንና መቁረጡን እስከ ዓርብ ጨርሱት፤ ጨዋታው ራሱ ነጥብ መጻፍ ስለማይፈልግ ለሰንበት የተመቸ ነው። የዕብራይስጡም አይጣል፤ ያ ካርታ ለጨዋታ በወጣ ጊዜ እርስዎ ከእናትዎ ጋር አንድ ወገን ሆነው በጆሯቸው ያንብቡላቸው።

እናትዎን ወደ ጨዋታው በልጆቹ በኩል አያስጠሩ። ቡና ስታፈሉ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ ልጁ የተናገረው እርስዎንም እንዳሳፈረዎት ይንገሯቸውና የምድቦቹን ነገር ያማክሯቸው። ካርታው ተሠርቶም ሳምንታት አልፈው ካልተቀመጡ፣ በተለይም ከማዕድ፣ ከጎረቤትና ከእንቅልፍ ጭምር እየራቁ ከሆነ፣ ምክንያቱ ከካርታው ውጭ ሊሆን ስለሚችል የቤተሰብ ሐኪማቸው ዘንድ ይውሰዷቸው፤ በዚያም ቀን የሚያስተረጉምላቸው ልጁ አይሁን።