ቱግ ብለውህ ኤ ኤች ቲ ኤስ ላይ ሲጭኑህ

የዛሬው ጥያቄ ከአንድ ወጣት የመርከብ መሐንዲስ ነው። «ጋሼ፣ ባሕር ዳር ሰልጥኜ እስካሁን የሠራሁት የጅምላ ጭነት መርከብ ላይ ነው። አሁን ኤጀንቱ ‹ዱባይ በኩል ቱግ አለ፣ ቶሎ ፈርም› ይለኛል። ውሉን ሳየው ግን ኤ ኤች ቲ ኤስ ይላል። ርዝመቱ 59 ሜትር፣ ሁለት ዋና ሞተር እያንዳንዱ 1,920 ኪሎዋት፣ ቦላርድ ፑል (የመጎተት ኃይሉ) 65 ቶን፣ ዲፒ 2 (ቦታ የመጠበቂያ ሥርዓት)። ይሄ ቱግ ነው? ልምዱስ ለፈቃዴ ይቆጠርልኛል? ምን ልዘጋጅ?»

ቱግ (ጎታች ጀልባ) አይደለም፣ ወንድሜ። መጎተቱን ይጎትታል፣ ግን ኤ ኤች ቲ ኤስ የተሠራው ባሕር ላይ ላሉ የነዳጅ መድረኮች ዕቃ ለማመላለስና መልህቃቸውን ለማዛወር ነው። ኤጀንቶች አጠር ብሎ ጉልበት ያለውን መርከብ ሁሉ ቱግ ማለት ይወዳሉ።

ስንዴ ወይ ማዳበሪያ ጭነህ ጅቡቲ ገብተህ ከሆነ ቱግን በደንብ ታውቀዋለህ። 30 ሜትር ገደማ ነው፣ ዙሪያውን በጎማ የታጠረ። ሆዱ በሞተር የተሞላ ስለሆነ ጭነት አይዝም። የዘመኑ ቱግ ከሥሩ ያሉት ፕሮፔለሮች 360 ዲግሪ ስለሚዞሩ ወደ ፊትም፣ ወደ ኋላም፣ ወደ ጎንም ይሄዳል። ሥራው ትልቅ መርከብ መግፋትና መጎተት ነው። ሥራው ሲያልቅ ተመልሶ ወደብ ውስጥ ይታሰራል።

ያንተው መርከብ የኦፍሾር (ባሕር ላይ የሚካሄድ የነዳጅ ሥራ) ነው። ቤቱ በሙሉ ወደ ፊት ተገፍቶ ከኋላ ረጅም ሜዳ የሆነ ደክ ታያለህ። ከዚህ ቤተሰብ ፒ ኤስ ቪ የሚባለው ለነዳጅ መድረኮች ዕቃ ያመላልሳል፦ ደኩ ላይ ቧንቧና ኮንቴይነር፣ ከደኩ ሥር ባሉት ታንኮች ናፍጣ፣ ውኃ፣ የቁፋሮ ጭቃ፣ ሲሚንቶ። ኤ ኤች ቲ ኤስ ደግሞ ይህንንም እየሠራ የሪግ (የቁፋሮ መድረክ) መልህቅ ያነሳል፣ ያዛውራል፣ ይጥላል። ስለዚህ የኋላ ጫፉ ክፍት ነው። እዚያ ላይ በርሜል የመሰለ ትልቅ ሮለር አለ። ከሮለሩ ፊት ለፊት ሰንሰለቱን ነክሶ የሚይዘው ሻርክ ጆ፣ ከዚያ ከፍ ብሎ ትልቁ ዊንች (የገመድ መጠቅለያ)። እነዚህን ካየህ ሌላ መጠየቅ አያስፈልግህም። በቦላርድ ፑሉ ግን አትሸወድ። 65 ቶን የሚጎትት የወደብ ቱግም ሞልቷል።

ወደ ፈቃዱ እንምጣ፤ ዋናው እዚህ ላይ ነው። በኤስ ቲ ሲ ደብሊው (የመርከበኞች ሥልጠናና ምስክር ወረቀት ዓለም አቀፍ) ስምምነት የሞተር መኮንን የሚለካው በኪሎዋት ነው። ወሰኖቹ 750 እና 3,000 ናቸው። የሚቆጠረው የሁሉም ዋና ሞተሮች ድምር ነው፤ «አንዱ ሞተር 3,000 አይሞላም» የሚልህ ሰው ተሳስቷል። ያንተው 3,840 ነው፣ ከወሰኑ በላይ። ብዙ የወደብ ቱጎችም በኪሎዋት አያንሱም። የእነሱ ችግር ሌላ ነው፦ ከወደብ የማይወጣ ጀልባ በስምምነቱ ትርጉም የባሕር መርከብ ስለማይባል አገልግሎቱን ላይቀበሉህ ይችላሉ። የደክ መኮንን ብትሆን ደግሞ የሚያስጨንቅህ ቶኔጁ ነበር። ለእነሱ የመጀመሪያው ወሰን 500 ጂቲ (ግሮስ ቶን፣ የመርከቡ ጠቅላላ ይዘት መለኪያ) ነው፣ አብዛኛው የወደብ ቱግ ደግሞ ከዚያ በታች ነው።

ሞተር ክፍሉ ውስጥ የለመድከውን ግዙፍ ቱ ስትሮክ አታገኝም። በዚህ መጠን ባሉ መርከቦች ላይ የተለመደው በደቂቃ 1,600 ገደማ የሚዞር ፎር ስትሮክ፣ የሚጠጣውም ናፍጣ ነው። ከባድ ነዳጅ ማሞቅ የለ፣ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ መፈተሽ የለ። ጊዜህን የሚበሉት ጄኔሬተሮች፣ ትራስተሮች (መርከቡን ወደ ጎን የሚገፉ ፕሮፔለሮች)፣ ሃይድሮሊክና ኮምፕረሰሮች ናቸው።

ዲፒ 2 ማለት መርከቡ መልህቅ ሳይጥል በኮምፒውተር እየታዘዘ መድረኩ አጠገብ ይቆማል፤ አንድ ጄኔሬተር ወይም አንድ ትራስተር ቢጠፋም ቦታውን መልቀቅ የለበትም። ከጭነት መርከብ የመጣ መሐንዲስ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሥራ ፈቶ የቆመ ጄኔሬተር ሲያይ «ፊልተሩን ልቀይር» ብሎ ይከፍተዋል። ያ ጄኔሬተር ግን ሥራ አልፈታም፣ ተጠባባቂ ነው። የመድረኩ 500 ሜትር ክልል ውስጥ እያላችሁ ብሪጁን (የመርከቡን መንጃ ክፍል) ሳታስፈቅድ ብሎን አትንካ። ሌላው ጣጣ፣ ሞተሮቹ በቀላል ጭነት ለሰዓታት ሲሠሩ ጥላሸት ይይዛሉ። ከክልሉ ስትወጡ ካፒቴኑን አስፈቅደህ ደህና ጭነት ስጣቸው።

ሲሚንቶ የሚላከው በአየር ግፊት ነው። ከመላክህ በፊት የአየር ታንኩን ውኃ አፍስስ፣ ማድረቂያውንም እይ። እርጥበት ከገባ ሲሚንቶው ቧንቧው ውስጥ ይጋገራል። ከዚያ በኋላ መዶሻ ይዘህ ሌሊቱን ማደርህ ነው።

አደጋው ላይ ሁለቱም ዓይነት መርከቦች ይመሳሰላሉ። ገመዱ ወይም ሰንሰለቱ ከጎን ከጎተተ መርከቡ ሊገለበጥ ይችላል። ታኅሣሥ 2007 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ስኮትላንድ ክላይድ ወንዝ ላይ ፍላይንግ ፋንተም የተባለው ቱግ በጭጋግ ሲጎትት ተገልብጦ 3 ሰው ሞቷል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ከሼትላንድ በስተ ምዕራብ ቡርቦን ዶልፊን የሪግ መልህቅ ሲያዛውር ተገልብጦ ከ15 ሰው 8 አልቋል። ቡርቦን ዶልፊን ያንተው ዓይነት ኤ ኤች ቲ ኤስ ነበር፣ ያውም አዲስ። ስለዚህ የመልህቅ ሥራ ሲኖር የሞተር ክፍሉ ውኃ የማያስገቡ በሮች ይዘጋሉ። ቺፍህ (ዋናው መሐንዲስ) ሳያውቅ ነዳጅም ባላስትም (የሚዛን ውኃ) ከታንክ ታንክ አታዛውር፤ የመርከቡ ሚዛን የተሰላው ታንኮቹ ባሉበት ሁኔታ ነው። ደክ ላይ ደግሞ ሽቦ ሲወጠር ዝር አትበል።

እኔ ብሆን እፈርማለሁ። ግን መጀመሪያ ኤጀንቱን ጠይቀው፦ መርከቡ በእርግጥ መልህቅ ያነሳል ወይስ ሪግ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል? ሠራተኛ የሚቀያየረው ወደብ ላይ ነው ወይስ በሄሊኮፕተር? በሄሊኮፕተር ከሆነ የባሕር ላይ ሕይወት አድን ሥልጠና ይጠይቁሃል፣ ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ። ጨርሰህ ስትወርድም የአገልግሎት ማረጋገጫህ ላይ የመርከቡ ዓይነትና ጠቅላላው 3,840 ኪሎዋት መጻፉን ሳታይ ሻንጣህን አትዝጋ።