ኪሎሜትሩን ተወው፤ ስንት ዓመት ቆመ?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። እ.ኤ.አ. በ1991 የተሠራ ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ ባለሁለት መቀመጫና ጣሪያው የሚታጠፍ ትንሽ ስፖርት መኪና፣ አግኝተሃል። ሞተሩ 1.6 ሊትር ነው። ቆጣሪው 71,000 ኪሎሜትር ያሳያል። ሻጩ ደግሞ «ስድስት ዓመት ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ተሸፍኖ ነው የኖረው» ብሎሃል። አንተም «ይሄን ያህል ያረጀ ስፖርት መኪና ይታመናል? በየቀኑ ልነዳው እችላለሁ? ጥገናውስ አያማርረኝም?» ብለህ ጠይቀሃል።

እኔ የ1992ቱን ከያዝኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሞተሩ ያው 1.6 ነው። ስገዛው 94,000 ኪሎሜትር ሄዶ ነበር፤ አሁን 180,000 አልፏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ መንገድ ላይ ያቆመኝ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ሦስቱም የሆኑት በመጀመሪያዎቹ ስምንት ወራት ውስጥ ነው። የእኔም መኪና ከመግዛቴ በፊት አራት ዓመት ቆሞ ነበር። ስለዚህ ለጥያቄህ አዎ፣ ይታመናል። ግን የሚታመነው በገዛህበት ቀን አይደለም። ቆሞ ያረጀበትን ሁሉ ከቀየርክለት በኋላ ነው።

71,000 የሚለውን ቁጥር ስታይ ልብህ መነሳቱ አይገርምም፤ የእኔም ተነስቶ ነበር። ነገር ግን ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ)፣ የውሃ ቱቦ፣ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት)፣ ጎሚኒ (በብረቶች መሃል የሚገባው ላስቲክ) እና ጎማ ኪሎሜትር አይቆጥሩም። ዓመት ነው የሚቆጥሩት። መኪናው ቢሄድም ባይሄድም ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። እንዲያውም ፓራኦሊዮ ዘይት እየነካው ሲሠራ ነው ለስላሳ ሆኖ የሚቆየው። ለዓመታት ሳይሠራ ከከረመ ይደርቅና መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ማንጠባጠብ ይጀምራል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ቤንዚን ታንክ ውስጥ ይበላሻል። ስድስት ዓመት መቆሙን ሻጩ እንደ ጥሩ ነገር ነግሮሃል፤ እኔ ግን ከነገርከን ሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነው። በየሳምንቱ እየተነዳ 150,000 የሞላ መኪና ከነሙሉ የሰርቪስ ወረቀቱ ቢቀርብልኝ እሱን እመርጣለሁ።

የእኔ ሦስት ብልሽቶች እነዚህ ናቸው። መጀመሪያ የፍሪሲዮን ፔዳሉ ወለል ላይ ወድቆ ቀረ። ከካምቢዮው ጎን ያለችው ትንሿ የፍሪሲዮን ሲሊንደር ውስጧ ያለው ጎማ አልቆ ነበር። በዚህ መኪና ላይ የታወቀ ነገር ነው። እሷን ብቻ ቀየርኩና ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ከፔዳሉ በኩል ያለችው ዋናዋ ማፍሰስ ጀመረች። ሁለቱ እኩያ ስለሆኑ አንድ ላይ ቀይራቸው። ሁለተኛው ብልሽት ቤንዚን ነበር። ዳገት ላይ ጉልበቱ እየደከመ መጥቶ ጠፋ። የቤንዚን ማጣሪያው በታንኩ ቆሻሻ ተደፍኖ ነበር። ሦስተኛው ራዲያተር ነው። ከላይ ያለው የፕላስቲክ ክፍል ተሰነጠቀና ውሃው በሙሉ ወጣ። የሙቀት መለኪያውን አይቼ ወዲያው አጠፋሁት እንጂ ዛሬ ስለዚያ ሞተር አላወራም ነበር። ብሎኩ ብረት ነው፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ግን አሉሚኒየም ስለሆነ ከመጠን በላይ ከጋለ ይጣመማል። የራዲያተሩ ፕላስቲክ አዲስ ሲሆን ጥቁር ነው። ሲያረጅ ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ያኔ እንደ ብስኩት ይሰበራል ማለት ነው። ኮፈኑን እንደከፈትክ መጀመሪያ የምታየው ይሄን ይሁን።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በብር የሚፈታ ነው፤ ዕቃ ተገዝቶ ይቀየራል። እኔን የሚያስፈራኝ ዝገት ነው። የዚህ መኪና ዝገት ደግሞ የት እንደሚጀምር ካላወቅክ አታየውም።

የጨርቅ ጣሪያው ላይ የወረደ ዝናብ ከመቀመጫዎቹ ኋላ፣ በግራና በቀኝ ጥግ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች አልፎ ከመኪናው ሥር እንዲወጣ ነው የተሠራው። ቀዳዳዎቹ በቅጠልና በአቧራ ሲደፈኑ ውሃው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። አንዳንዴ ወደ ምንጣፉ ይገባል፤ አንዳንዴ ደግሞ ከበሩ ሥር ባለው ደፍ ውስጥ ይጠራቀማል። ደፉ ውስጡ ባዶ ላሜራ ነው። ውሃው እዚያ ወራት ይተኛና ላሜራውን ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ቀለሙ ላይ ትንሽ እብጠት ስታይ ውስጡ አልቋል። የእኔን ከገዛሁ በሁለተኛው ሳምንት ፍሬን ስይዝ ከጀርባዬ የውሃ መናወጥ ድምፅ ሰማሁ። ልክ ግማሽ የሞላ ጀሪካን እንደሚናወጠው። መጀመሪያ የቤንዚን ታንኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ደፉ ውስጥ ነው። ታች ያለችውን የላስቲክ መድፈኛ ስነቅላት የወጣው ውሃ ባልዲ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፤ ቀለሙም ሻይ ይመስል ነበር። የቀኙ ደፍ የኋላ ጫፍ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ተበየደ። ለዚህ መኪና ካወጣሁት ሁሉ ትልቁ ወጪ እሱ ነው።

ስለዚህ ልታየው ስትሄድ ትንሽ ማግኔትና አንድ ጠርሙስ ውሃ ያዝ። ማግኔቱን በጨርቅ ጠቅልለህ በደፉ የኋላ ጫፍ፣ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ባለው ቦታና በፓራፋንጎው የታችኛው ጠርዝ ላይ አስጠጋው። የማይስብበት ቦታ ካለ ከቀለሙ ሥር ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ (ቀዳዳ መሙያ ልጥፍ) ነው ያለው። ውሃውን ደግሞ ሻጩን አስፈቅደህ በየጥጉ ወዳለው ቀዳዳ ቀስ ብለህ አፍስስ። ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት መሬት ላይ ካየኸው ጥሩ ነው። ካላየኸው የት እንደገባ ታውቃለህ። መኪናው የአንተ ከሆነ በኋላ ቀዳዳዎቹን በዓመት ሁለት ጊዜ አጽዳ። በሹል ሽቦ ግን እንዳትነካቸው፤ ቱቦውን ትበሳዋለህ። ቀጭን ለስላሳ ፕላስቲክ ይበቃል።

የ1991 በመሆኑ ሌላ የምነግርህ አለ። የመጀመሪያዎቹ 1.6 ሞተሮች የክራንክ ሻፍታቸው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) አፍንጫ፣ ማለትም የፊት ጫፉ፣ አጭር ነው። ፊት ለፊት ያለውን ፑሊ የሚይዘው ትልቁ ብሎን በትክክል ካልጠበቀ ፑሊውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ ብረት የሚቀመጥበት ጎድጓዳ እየሰፋ ይሄዳል። ጉልበት ይቀንሳል፣ ሞተሩ ይንገዳገዳል፣ በመጨረሻም ክራንክ ሻፍቱ ይበላሻል። ብዙ ጊዜ ይሄ የሚመጣው ታይሚንግ ቺንጋ (የክራንክ ሻፍቱንና የቫልቮቹን እንቅስቃሴ የሚያገናኘው ቀበቶ) ሲቀየር ብሎኑ በግምት ከታሰረ ነው። በ1991 አጋማሽ ላይ አፍንጫው ረዝሞና ወፍሮ ተሻሻለ። አንተ ያገኘኸው ከሁለቱ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ከፑሊው መሃል፣ በብሎኑ ዙሪያ በባትሪ መብራት ተመልከት። አራት ክፍተት ካለው አጭሩ ነው፤ ስምንት ካለው ረጅሙ። አጭሩ ቢሆን እንኳ «አልገዛም» አትበል። ሞተሩ ነዳጅ ሳትሰጠው ቆሞ ሲሠራ ፑሊው ሳይወላገድ ቀጥ ብሎ የሚዞር ከሆነ ደህና ነው። ብሎኑን ግን ሁለተኛ ጊዜ የሚነካው ሰው የማጥበቂያ መለኪያ ያለው ቁልፍ ይዞ፣ አዲስ ብሎን ገዝቶ ይሁን።

ቺንጋው ራሱ በ100,000 ኪሎሜትር አካባቢ ነው የሚቀየረው። በ71,000 «ገና ነው» ይሉሃል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ላስቲክ ገና ሊሆን አይችልም! መቼ እንደተቀየረ በወረቀት ካላሳዩህ አልተቀየረም ብለህ ተነሳ። የዚህ ሞተር ትልቅ ጸጋ ቺንጋው ቢበጠስም ቫልቭና ፒስተን አለመጋጨታቸው ነው። መኪናው ይቆማል እንጂ ሞተሩ አይፈርስም። ስትቀይረው የውሃ ፓምፑን፣ የፊት ፓራኦሊዮዎችንና የውሃ ቱቦዎችን አብረህ ቀይር። ሁሉም አንድ ቦታ ናቸው፤ አንዴ ከተከፈተ ለምን ሁለተኛ ጊዜ የእጅ ዋጋ ትከፍላለህ?

ስለ ዘይት መፍሰስ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ገንዘብህን ያተርፍልሃል። ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ዘይት ታገኝ ይሆናል። እኔም አገኘሁ። ያሳየሁት መካኒክ «የኋላው ፓራኦሊዮ ነው፤ ካምቢዮ ይወርዳል» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ሥራ ነው፤ ወጪውም ያንኑ ያህል። ከመስማማቴ በፊት ሞተሩን በደንብ አጠብኩትና ሁለት ቀን ነድቼ ከላይ ወደ ታች ተመለከትኩ። ዘይቱ የሚመጣው ከቴስታታው ጀርባ ነበር። እዚያ የምትሰካ የካም ሻፍት ሴንሰር አለች፤ በእሷ ላይ ያለች ትንሽ ኦ-ሪንግ (የላስቲክ ቀለበት) ደርቃ ነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ እጄ ተላጠ እንጂ በአንድ ሰዓት ቀየርኳት። ከዚያ ወዲህ ጠብታ አላየሁም። ሴንሰሯን ከማውለቅህ በፊት አቀማመጧን በቀለም ምልክት አድርግባት፤ ካላደረግክ ካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጡበት ጊዜ ይዛባል።

ሞተሩ ሲነሳ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከላይ ብትሰማ አትደንግጥ። የቫልቭ መግፊያዎቹ በዘይት ግፊት የሚሠሩ ናቸው፤ ቆሞ የከረመ መኪና ላይ ዘይቱ ይወርድባቸዋል። ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ዘይት ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ በመቀየር ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ካምቢዮውም በብርድ ሁለተኛ ማርሽ አልገባም ብሎ ያስቸግራል። ጠባዩ ነው፤ ሞቆም ካልለቀቀው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ባትሪው ፖርቶ ባጋሊዮ ውስጥ ስለሆነ የጋዝ ማስወጫ ቱቦ የሚቀበል ዓይነት መሆኑን አረጋግጥ፤ ካልሆነ የአሲዱ ትነት ላሜራውን ይበላዋል። የኋላ ፍሬኖች ቆመው ስለከረሙ ሊነክሱ ይችላሉ። ትንሽ ነድተህ እጅህን ወደ አራቱም ቸርኬዎች አስጠጋ፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ እሱ ነው።

ጎማ ላይ ግን አትለሳለስ። ጥርሱ ሙሉ ነው ብለው ያሳዩሃል። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብብ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። 0913 ማለት የ2013 ዘጠነኛ ሳምንት ነው። እኔ አዲስ የሚመስሉ የአሥራ ሦስት ዓመት ጎማዎች ላይ ሆኜ እርጥብ አስፋልት ላይ በዝግታ እየታጠፍኩ መኪናው ሙሉ ዙር ዞረብኝ። ከፊቴም ከኋላዬም ሰው ስላልነበረ ተረፍኩ። ይህ መኪና የሚነዳው በኋላ ጎማ ነው፣ የሚረዳህ ኤሌክትሮኒክስም የለውም። ከሁሉም ነገር በፊት ጎማና የፍሬን ዘይት ቀይር፤ የፍሬን ዘይቱን ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ።

በየቀኑ ልነዳው ወይ ላልከው፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ብቸኛ መኪናህ አይሁን። ያኔ እያንዳንዱ ሳምንት አንድ ነገር ያሳይሃል፤ አንተም ለሥራ እየተቻኮልክ ከሆነ ትጠላዋለህ። ከዚያ በኋላ ግን ንዳው፤ እኔ አራት ዓመት ሥራ ሄጄበታለሁ። ክብደቱ አንድ ቶን ስለማይሞላ የፍሬን ሸራና ጎማ ቶሎ አይጨርስም። ሞተሩ በ323 የቤት መኪና ላይ ከሚሠራው ጋር አንድ ዘር ስለሆነ አዲስ መካኒክም ሲያየው ግራ አይገባውም። የዚህ ሞዴል የመጀመሪያው ትውልድ ከ1989 እስከ 1997 ከ400,000 በላይ ተመርቶ ስለነበር ዕቃው አልጠፋም። ፋብሪካውም በ2017 የዚህን ትውልድ ዕቃዎች እንደገና ማምረት እንደሚጀምር አስታውቆ ነበር። ብዙ ያረጁ ስፖርት መኪናዎች ይህን አላገኙም።

ጥገናው ቀላል ነው፤ ግን መዘለል የለበትም። ዘይት በየ5,000 ኪሎሜትር፤ ያን ያህል ካልነዳህ በዓመት አንዴ። በሳምንት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሞተሩ እስኪሞቅ ንዳው። አስነስቶ አምስት ደቂቃ አቁሞ ማጥፋት ይጎዳዋል፤ ዘይቱና ማርሚታው ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። የጣሪያው የኋላ መስኮት ፕላስቲክ ከሆነ ጣሪያውን ከማጠፍህ በፊት ዚፑን ከፍተህ አስተኛው። አንድ ደብተር ግዛና የቀየርከውን ሁሉ ከነቀኑ ጻፍ።

አሁን ለሻጩ ደውልና አንድ ነገር ለምነው፦ እኔ ሳልመጣ ሞተሩን እንዳታስነሳው በለው። ስትደርስ በመጀመሪያ ኮፈኑን በእጅህ ዳስስ። ሞቆ ካገኘኸው በብርድ ሲነሳ እንድታየው ያልፈለገው ነገር ሊኖር ይችላል፤ ሌላ ቀን ተመለስ። ቀዝቃዛ ከሆነ አስነሳውና የዘይት ግፊት መለኪያውን ተመልከት። በ1991ዱ ላይ መለኪያው ትክክለኛ ግፊት ነው የሚያሳየው፤ ነዳጅ ስትሰጥ መውጣት፣ ስትለቅ መውረድ አለበት። ከዚያ የሁለቱንም ደፎች የኋላ ጫፍ ከሥር፣ የፑሊውን መሃልና የጎማዎቹን አራት አሃዝ ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፍልን። ማታ ማታ እገባለሁ፤ አይቼ የመሰለኝን እነግርሃለሁ።